ኮምፒውተሩ ሲበራ ማን ይነሳ? ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ማሽን ላይ ስጭን ያሳለፍኩት

እህቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ሱቁ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ቀን እሷ ትሠራበታለች፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ እኔ ፕሮግራሚንግ እማርበታለሁ። ለእሷ ዊንዶውስ የግድ ነው። ወርድ እዚያ ነው ያለው፣ ፓወር ግዕዝ እዚያ ነው ያለው፣ ፕሪንተሩና ስካነሩም የተገጠሙት ከእሱ ጋር ነው። እኔ ደግሞ ኡቡንቱ ያስፈልገኛል፤ ኡቡንቱ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጫንኳቸው፤ ዱዋል ቡት የሚባለው ማለት ነው። ጭነቱ ራሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው፦ ማንም ምንም ሳይነካ ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛው ይነሳል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። "ኮምፒውተሩ መልኩ ተቀይሯል፤ ፓስወርድ ይለኛል፤ የኔን ብጽፍለት እምቢ አለ። ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው" አለች። ወዲያው ገባኝ። ኡቡንቱ ሲጫን ግራብ የሚባል ማስነሻ ይዞ ይመጣል። ግራብ ሜኑ ያሳይና 10 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማንም ካልመረጠ የመጀመሪያውን መስመር ያስነሳል። የመጀመሪያው መስመር ኡቡንቱ ነው። እህቴ ማብሪያውን ተጭና ፎቶ ኮፒው ላይ ወረቀት ልትሞላ ዞር ስትል 10 ሰከንዱ አልቋል።

በስልክ ሪስታርት አስደረግኳት፤ በቀስት ወደ ታች ወርዳ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚለው ላይ ኢንተር እንድትጫን ነገርኳት። ሠራ። ግን በእኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ደግሞ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲበራ አድርጌ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ላይ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱ በርቶ ራሱ ኡቡንቱ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃታል። ማታ ስመጣ "አሁን እኔ ሁልጊዜ እሱን ፊት ለፊት ቆሜ ልጠብቀው ነው?" አለችኝ። ልክ ናት። ዲፎልት፣ ማለትም ማንም ሳይመርጥ የሚነሳው፣ መሆን ያለበት መምረጥ የሚችለው ሰው የሚፈልገው ሳይሆን፣ ለመምረጥ ጊዜም ፍላጎትም የሌለው ሰው የሚፈልገው ነው። እኔ ቀስት መጫን እችላለሁ። እሷ ደንበኛ አላት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ዊንዶውስ ውስጥ ገብቼ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭኜ ኤምኤስኮንፊግ ብዬ ጻፍኩና ቡት የሚለውን ክፍል ከፈትኩ። እዚያ ዲፎልት አድርግ የሚል ቁልፍ አለ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን ዊንዶውስ ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ ዲፎልት ተብሏል። ኡቡንቱ ጭራሽ የለም። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ የሚለውንም ከፈትኩ፤ እዚያም ያው ነው። ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እዚህ ጋ ስለሆነ እናንተ አትድከሙ። እነዚህ መስኮቶች የሚያውቁት የዊንዶውስን የራሱን ማስነሻ ነው። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 አንድ ላይ የጫነ ሰው ከዚያ መምረጥ ይችላል። ሊኑክስ ከገባ ግን ጉዳዩ የሚወሰነው ዊንዶውስ ተራው ከመድረሱ በፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ በልማድ ባዮስ እንለዋለን፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ዩኢኤፍአይ ነው። እሱ የራሱ ተራ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ላይ ኡቡንቱ የሚለው ቀዳሚ ከሆነ ግራብን ይጠራል፤ ግራብ ሜኑውን ያወጣል፤ ከሜኑው ላይ ዊንዶውስ ከተመረጠ ብቻ ነው የዊንዶውስ ማስነሻ የሚነሳው። ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚለው ቀዳሚ ከሆነ ግን ግራብ አይታይም፤ ቀጥታ ዊንዶውስ ነው። እንግዲህ ውሳኔ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፣ የባዮሱ ተራና የግራብ ዲፎልት። የትኛው ላይ እንደቆማችሁ ሳታውቁ ምንም አትንኩ።

እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት የባዮሱን መንገድ ነው፤ ቀላሉ እሱ ነውና። ማሽኑ ሲበራ ወደ ባዮስ የሚያስገባውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ትጫናላችሁ። ብዙ ዴሎች ላይ ኤፍ 2፣ ብዙ ኤችፒዎች ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮዎች ላይ እንደ ሞዴሉ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ነው። ቡት ኦርደር የሚለውን ፈልጋችሁ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ወደ ላይ ታወጡታላችሁ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። አለቀ። ሊኑክስ ስትፈልጉ ደግሞ ሲበራ የአንድ ጊዜ መምረጫውን ትጠራላችሁ፤ ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ብዙ ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ 12። ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁም ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርት ብትሉ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ እዚያ ዩዝ ኤ ዲቫይስ ከሚለው ስር ኡቡንቱን የሚያሳዩ ብዙ ማሽኖች አሉ። ሊኑክስን በሳምንት አንዴ ብቻ ለምትከፍቱ ሰዎች ይሄ ይበቃል፤ የቀረውን ባታነቡም ችግር የለውም።

ለእኛ ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሠራው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኡቡንቱ ተመልሶ ቀዳሚ ሆነ። አስተካከልኩት፤ በማግሥቱ እንደገና። ፍንጩን ያገኘሁት ከሰዓቱ ነው፦ ባዮሱ ውስጥ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ያስተካከልኩትን ሁሉ ረስቶ ወደ መጀመሪያው ይመለስ ነበር። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁሉ አለች። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ መቀየር ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ የገዛችሁ ሰዎች ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ይህችን አረጋግጡ።

ባትሪው ከተቀየረ በኋላ የባዮሱ ተራ ጸንቶ ቆመ። እኔ ግን በየማታው ስለምገባ ኤፍ 9 የምትጫንበት ቅጽበት ታመልጠኛለች፤ ካመለጠችኝ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ እስኪነሳ ጠብቄ እንደገና ሪስታርት ነው። ስለዚህ ኡቡንቱን በባዮሱ ቀዳሚ አድርጌ ግራብ ራሱ ዊንዶውስን እንዲመርጥ ለማድረግ ወሰንኩ። ሜኑው ይታያል፤ እኔ ካለሁ እመርጣለሁ፤ ማንም ከሌለ ዊንዶውስ ይነሳል።

ከዚህ በታች ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል (ኡቡንቱ ውስጥ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት። የግራብ ማስተካከያ ያለው ኢቲሲ በሚለው ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ዲፎልት በሚለው ፎልደር፣ ግራብ የሚባል ፋይል ላይ ነው። በሱዶ ናኖ ትከፍቱታላችሁ፤ ናኖ ጽሑፍ ማረሚያ ነው፣ ሱዶ ደግሞ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይሰጠዋል። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ፋይሉ ውስጥ ግራብ ዲፎልት የሚል መስመር አለ፤ ሁሉም በትልልቅ ፊደል፣ በቃላቱ መሃል የታች ሰረዝ ያለው። ፊት ለፊቱ እኩል ይሆናል 0 ተብሏል። ግራብ መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው፤ ስለዚህ 0 ማለት የመጀመሪያው መስመር ነው። ሪስታርት አድርጌ ሜኑውን ቆጠርኩ፦ ኡቡንቱ 0፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለው 1፣ ዊንዶውስ 2። ስለዚህ 0ን በ2 ቀየርኩ፣ ሴቭ አድርጌ ሱዶ አፕዴት-ግራብ አልኩ። ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ ካልሰጣችሁ ፋይሉ ላይ የጻፋችሁት አይሠራም፤ ብዙ ሰው "ቀየርኩት ግን ምንም አልሆነም" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ፌዶራ በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ትእዛዙ ሌላ ነው፣ ግራብ2-ኤምኬኮንፊግ ይባላል፤ ሚንት በሚባለው ላይ ግን እንደ ኡቡንቱ ነው።

ለወራት ሰላም ሆነ። ከዚያ ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 አሳደግኩት። በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጠራ። "ሰማያዊ ሆኖ ቁጥር ይሮጣል፤ እየጠገነ መስሎኝ 40 ደቂቃ ጠበቅኩት" አለች። ሮጬ ሱቅ ሄድኩ። የሜሞሪ ፍተሻ ነበር። በአዲሱ ሥሪት ግራብ ሜኑው ላይ ሁለት የሜሞሪ መፈተሻ መስመሮች ተጨምረዋል፤ 2 እና 3 እነሱ ሆኑ፣ ዊንዶውስ ወደ 4 ወረደ። ግራብ ያልኩትን ነው ያደረገው፤ 2ን አስነሳ። ፍተሻው ደግሞ ካላቆሙት ራሱን እየደገመ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም፤ ግን የእሷ ግማሽ ቀን ጠፋ፤ አንዲት ልጅ ማመልከቻዋን ሳታስጽፍ ሄዳለች፣ ቀኑ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በቁጥር አታድርጉ። ዛሬ 2 የሆነው ነገ 2 ላይሆን ይችላል። በስም አድርጉት። ስሙን የምታገኙት ቡት በሚለው ፎልደር፣ ግራብ ውስጥ፣ ግራብ ነጥብ ሲኤፍጂ ከሚለው ፋይል ነው። ያንን ፋይል ማንበብ ብቻ ነው፤ እጃችሁን አታስገቡበት፤ አፕዴት-ግራብ ባላችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚጻፍ የቀየራችሁት ይጠፋል። ሜኑኤንትሪ ከሚለው ቃል ቀጥሎ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ነው ስሙ። የዊንዶውሱ ቅንፍ ውስጥ የዲስኩን ክፍልፋይ ስም ጭምር የያዘ ረጅም ስም ነው። ከነቅንፉ፣ ከነባዶ ቦታው፣ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳታዛቡ ኮፒ አድርጉት። በእጅ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ግራብ ስሙን አያገኘውም፣ ወደ መጀመሪያው መስመር ይመለሳል።

ስሙን ቀጥታ ግራብ ዲፎልት ፊት ለፊት በትእምርተ ጥቅስ መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን ትንሽ የተሻለ ያልኩትን መንገድ ነው የያዝኩት። መስመሩ ላይ ሴቭድ የሚለውን ቃል ጻፍኩ፣ አፕዴት-ግራብ አልኩ፣ ከዚያ ሱዶ ግራብ-ሴት-ዲፎልት ብዬ ስሙን በጥቅስ አስከተልኩ። ከዚህ በኋላ ዲፎልቱን ለመቀየር ፋይል መክፈት አያስፈልግም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ኡቡንቱ ውስጥ ሆኜ ማሽኑ ተመልሶ ኡቡንቱ ላይ እንዲነሳ ስፈልግ፣ ለምሳሌ አፕዴት ጭኜ፣ ሱዶ ግራብ-ሪቡት 0 ብዬ ሪስታርት አደርጋለሁ። ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ኡቡንቱ ይነሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። የእህቴ ጠዋት አይነካም።

እዚህ ጋ አንድ ምክር ትሰማላችሁ፦ ግራብ ሴቭዲፎልት የሚል መስመር ጨምሩና ትሩ በሉት፣ መጨረሻ የተመረጠውን ያስታውሳል ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ያስታውሳል። ማሽኑን ብቻውን ለሚጠቀም ሰው ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ለሚጋራው ማሽን ግን አይሆንም፤ እኔ ማታ ኡቡንቱ ከመረጥኩ ጠዋት እሷን የሚጠብቃት ኡቡንቱ ነዋ! ሴቭድ የሚለውን ቃል ብቻ ተጠቀሙ፣ ያንኛውን መስመር ተዉት። ግራብ ከስተማይዘር የሚባለውንም ፕሮግራም አላበረታታም። በማውስ መሥራቱ ያጓጓል፤ ግን ግራብ ሜኑውን የሚያዘጋጅባቸውን ፋይሎች ራሳቸውን ስለሚቀያይር፣ በኋላ ነገር ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ ማወቅ ከባድ ነው።

የአንድ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ዊንዶውስ ሜኑው ላይ ጭራሽ የለም። ዊንዶውሱ ጠፋብኝ ብሎ ደንግጦ ነበር፤ ፋይሎቹ ግን በሙሉ አሉ። ግራብ ከ2.06 ሥሪት ጀምሮ፣ ከ2021 ወዲህ ማለት ነው፣ ዲስኩ ላይ ሌላ ሲስተም መፈለጉን በዲፎልት አቁሟል፤ ለደህንነት ተብሎ ነው። እንዲፈልግ ከተፈለገ እዚያው ፋይል ውስጥ ግራብ ዲስኤብል ኦኤስ ፕሮበር የሚለውን መስመር ፎልስ ማድረግ ነው። ቃሉ ያምታታል፤ "መፈለግህን አቁም" ለሚለው "ሐሰት" ብላችሁ ነው የምትመልሱት፣ ስለዚህ ይፈልጋል ማለት ነው። መስመሩ ፊት መሰላል ምልክት (#) ካለ አጥፉት፤ ምልክቱ ካለ ግራብ አያነበውም። ከዚያ አፕዴት-ግራብ ስትሉ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ተገኘ የሚል መስመር ተርሚናሉ ላይ ታያላችሁ። ያንን ሳታዩ ሪስታርት አታድርጉ።

የመጠበቂያ ጊዜውን 5 ሰከንድ አድርጌዋለሁ። ግራብ ታይምአውት የሚለው መስመር ነው። ፋይሉ ላይ 0 ተጽፎ ሜኑው ግን 10 ሰከንድ ሲቆይ ካያችሁ አትገረሙ፤ ኡቡንቱ ሌላ ሲስተም ካገኘ 0ውን ወደ 10 ይቀይረዋል። ‑1 ካደረጋችሁት ሰው እስኪመርጥ ለዘላለም ይጠብቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሱቅ ይሄ አይሆንም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ እህቴ "ሰዓቱ ግን ለምን 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል?" አለች። የሀበሻ ሰዓት አቆጣጠር እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ቢሆን ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚጽፈው የግሪኒችን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያገኘውን እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል። እኛ ከግሪኒች 3 ሰዓት ስለምንቀድም በትክክል 3 ሰዓት ይጎድላል። ኡቡንቱ ውስጥ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1 ብትሉት ሁለቱም ይስማማሉ። እዚህ አገር ሰዓት በዓመት ሁለቴ ስለማይቀያየር ይህ መፍትሔ ያለ ችግር ይሠራል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ ግን ሰዓት በሚቀየርበት ጊዜ ሊያምታታ ስለሚችል፣ ዊንዶውሱን ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ ገብታችሁ በግሪኒች እንዲያነብ ማድረጉ ይሻላል።

ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋትም ያስፈልጋል። እሱ ካልጠፋ ሸት ዳውን ስትሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሹን አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ ኡቡንቱ የዊንዶውስን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ መጻፍ አይፈቅድም። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ማጥፊያ ቁልፉ ምን ይሥራ የሚለው ውስጥ ነው ያለው።

ትልቁ ማስጠንቀቂያዬ ግን ቢትሎከር ነው፤ ዲስክን የሚቆልፍ የዊንዶውስ መከላከያ ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። የባዮሱን ተራ ወይም ማስነሻውን ስትነኩ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ከሌላችሁ ፋይሎቻችሁን አታገኟቸውም። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባችሁ ከሆነ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ አካውንታችሁ ላይ ተቀምጧል። ምንም ከመጀመራችሁ በፊት አውጡትና በወረቀት ጻፉት፤ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። የባዮሱን ገጽም ሳትነኩት በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ለመመለስ ይረዳችኋል። እኛ የግራቡን ፋይል ቅጂ ፍላሽ ላይ አድርገን፣ የትኛውን መስመር እንደቀየርኩ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ እህቴ ፕሪንት አድርጋ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ከደረሰኝ ጥራዙ ስር አስቀምጣዋለች።